ይድረስ ለጄኔራል ባራቲዬሪ

እንዴት ነህ ወንድሜ? በዚህ ስም የሚጠራህ ሰው ከኔ ሌላ ስለሌለ ማን እንደጻፈልህ አልነግርህም። አባባ ያረፉ ጊዜ ደውለህልኝ "ነገ መልሼ እደውላለሁ" ብዬህ ነበር። ያ ነገ ይኸው አራት ዓመት ሞላው። መጀመሪያ ሐዘኑ፣ ከዚያ ሥራው፣ ከዚያ ደግሞ "አሁን ምን ብዬ ልደውል" እያልኩ በራሴ አፈርኩ። ሰበብ አላበዛብህም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

አሁን የምጽፍልህ በአንድ ቆርቆሮ ምክንያት ነው። እማዬ ቤቱን ልትለቅ ነው፤ ደረጃው ጉልበቷን አሸነፈው። ቅዳሜ ጣሪያ ሥር ያለውን ዕቃ ሳወርድ ያቺን ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ፣ ሐበሻ ቤት ሁሉ ክርና መርፌ የሚቀመጥባትን። ክርና መርፌ መስሎኝ ስከፍታት ጦራችን ነው፣ የልጅነት የፕላስቲክ ወታደሮቻችን! ሁሉም አሉ። ደስ ብሎኝ አንዱን ብድግ ባደርገው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀጭ አለ። ፕላስቲክም ለካ ሲያረጅ እንደ ድርቆሽ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እንደ እንቁላል ነው የያዝኳቸው።

ፖርቶቤሎ ገበያ የገዛናቸውን ቀን ታስታውሳለህ? በፈረንጆቹ 1983 ነው፣ ለንደን ከገባን ሁለተኛ ዓመታችን። ሌሎቹ ልጆች ሣጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል እያዩ አዲስ ይገዙ ነበር፤ የኛ ሠራዊት በከረጢት፣ ተቀላቅሎ፣ የሌላ ልጅ ጥርስ ያረፈበት። ቁመታቸው ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ። ጠመንጃቸው እንደ ቄጤማ ተጣጥፎ ነበር። አንተ ነህ ዘዴውን ያመጣኸው፦ የፈላ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማለስለስ፣ ማቃናት፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መጨመር። በእማዬ የሻይ ማንቆርቆሪያ ስንት ወታደር አቃናን! በማግስቱ ግማሹ ተመልሶ ይጣመማል። ቀለሙስ? በሳንቲም ሳንቲም አጠራቅመን የሐምብሮልን ትንንሽ ቆርቆሮዎች ገዝተን፣ ዓይናችን እስኪፈዝ ቀብተን፣ አንድ ጊዜ ስንጫወትባቸው ከጠመንጃው ላይ ልጥ ብሎ ይወርዳል። ያ ለስላሳ ፕላስቲክ፣ ፖሊኢትሊን የሚሉት፣ ቀለም የሚባል ነገር አይዝም። መጀመሪያ በሳሙና ማጠብና በነጭ ሙጫ መለበጥ እንደነበረብን ያወቅኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቆይቼ አንብቤ ገረመኝ። እነዚያን ትንንሽ ወታደሮች እንግሊዝ አገር በየቤቱ ያስገባውን ኤርፊክስ የሚባለውን ኩባንያ በፈረንጆቹ 1939 የመሠረተው ኒኮላስ ኮቭ የሚባል ከሃንጋሪ የመጣ ሰው ነው። እንደኛው ስደተኛ። ወታደር ከመምጣቱ በፊት ማበጠሪያ ይሠሩ ነበር። በፈረንጆቹ 1959 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጡት ወታደር ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የንግሥቲቱ ዘብ የሙዚቃ ባንድ! ጥሩንባና ከበሮ ይዞ የሚዘምት ጦር።

ወደ ጦርነታችን ልመለስ። እንግሊዞቹ ልጆች ናፖሊዮን የተሸነፈበትን ዋተርሉን ይዋጋሉ፤ እኛ አድዋን ፈለግን፤ የሚኒልክን ጦር በፕላስቲክ ያወጣ ግን አላገኘንም። ስለዚህ ያ ከኋላው መሐረብ የተንጠለጠለበት ኮፍያ ያለው የፈረንሳይ ሌጌዎን ወታደር ጣሊያን ሆነ። የበረሃ ዐረቦቹ ደግሞ ነጭ ስለለበሱ የኛ ሰዎች ሆኑ። ፈረስ ስላነሰን የወሎው ራስ ሚካኤል ግመል ላይ ወጡ። እቴጌ ጣይቱ የቼዝ ንግሥት ነበሩ፤ ከነሚኒልክ ሦስት እጥፍ ይረዝማሉ። (እማዬ "እንደዚያም ነበሩ" ትል ነበር።) ተራሮቹ በቡናማ ብርድ ልብስ የተሸፈኑ የአባባ መጻሕፍት ናቸው። እማዬ ዳይሱን ስታይ "ቁማር ጀመራችሁ?" ብላ የጮኸችውን ሳልረሳ።

ሁለታችንም ጣሊያን መሆን አንፈልግም ነበርና ሳንቲም ጣልን፤ አንተ የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባራቲዬሪ ሆንክ። ጦርነቱ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሄደ፤ በመጨረሻ ስድስት ካልመጣልህ አለቀልህ። ጣልከው። ዳይሱ ከጠረጴዛው ወድቆ ሶፋው ሥር ገባ፣ አንተ በደረትህ ተስበህ ገባህና "ስድስት!" ብለህ ጮህክ። እኔ አላየሁም። እስከ ዛሬም አላየሁም።

አባባ ከሌሊት ጥበቃ ሥራ የገቡት በዚያው ሰዓት ነው። "ማን አሸነፈ?" አሉ። "ጣሊያን" አልክ ቀስ ብለህ። አገር ቤት ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው! ካፖርታቸውን እንደለበሱ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። እንቅልፋቸውን ትተው። "አልቤርቶኔስ? መንገድ አልሳተም እንዴ?" አሉ። ከዚያ ነገሩን፤ አራት ብርጌድ እንደነበረ፣ በሌሊት እንደተጓዙ፣ የያዙት ንድፍ ካርታ ኪዳነ ምሕረት የሚለውን ስም የተሳሳተ ኮረብታ ላይ እንደጻፈው፣ የአንዱ ብርጌድ አዛዥ አልቤርቶኔም ያንን ፍለጋ ብቻውን ርቆ ሄዶ ሲነጋ የኛ ሰው መሐል እንደተገኘ። ትምህርት ቤት አድዋን አንድም ቀን ያላነሳብን አገር ውስጥ፣ በካልሲ ወለል ላይ ተቀምጠን የሰማነው ያኔ ነው።

በነጋታው አዲስ ሕግ ጻፉልን። ወረቀቱ ቆርቆሮው ውስጥ ነው፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ የፈተና ወረቀት የሚያርሙበት እጅ ጽሕፈት። ጣሊያን ወደ 17,700 ሰው ስለነበር አንድ ሌጌዎን ለ500 ሰው፣ በጠቅላላ 35። የኛ ጦር ወደ 100,000 ነው፣ ዐረቦቻችን ግን 41 ብቻ፣ አንዱ ደግሞ አንገት የለውም፤ ስለዚህ አንዱ ለ2,500 ይቆጠር ብለው ሒሳቡን ጥግ ላይ አካፍለዋል። እያንዳንዱ ብርጌድ ሲነሳ ዳይስ ይጥላል፤ አንድ ወይም ሁለት ከመጣ ወደ ተሳሳተ ኮረብታ ይሄዳል። ሁለተኛው ጊዜ አልቤርቶኔህ አንድ ጥሎ ሶፋው ኋላ የገባው በዚህ ነው!

ልጄ ይህን ሁሉ ስነግራት ኢንተርኔት ከፍታ የኢትዮጵያ ጦር ተብለው በብረት የሚቀረጹ አሳየችኝ። ጋሻው፣ ጎፈሩ፣ ሁሉም ልክ ነው። የአንዱ ዋጋ ያን ከረጢታችንን ይገዛል። እውነቱን ልንገርህ፣ ያምራሉ። አንድ ልገዛ ካርዴን አውጥቼ ነበር፤ ከዚያ ግመሉ ላይ ያሉትን ራስ ሚካኤልን አየሁና መለስኩት።

ሠራዊቱን በፖስታ ልልክልህ አሰብኩ፤ ዱቄት ሆኖ ነው የሚደርስህ። የወረቀቱን ፎቶ ግን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ሰባተኛውን ሕግ አንብበው፣ አባባ ሁለቴ አስምረውበታል፦ "ከጠረጴዛ ወድቆ ሶፋ ሥር የገባ ዳይስ አይቆጠርም።"

እሑድ ከሰዓት ቤት ነኝ። ደውልና ስድስት ነበር በለኝ።