ባልየውም ይመርመር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ እናቶች ጤና ብዙ ትጽፋላችሁ፤ ጥሩ ነው። እስቲ ስለ ወንዱም ጻፉ።

እኛ አገር ልጅ ከዘገየ ተጠያቂዋ ሴቷ ናት። አማት ትነዘንዛታለች፣ ጎረቤት ያማታል፣ እሷም ከጸበል ጸበል፣ ከሐኪም ሐኪም ስትንከራተት ትከርማለች። ባልየውስ? «እኔ ደህና ነኝ» ብሎ ቁጭ። በምን አወቀ? መውለድ ከተቸገሩ ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ላይ የወንዱም ችግር አለበት። ደግሞ አልጋ ላይ ጎበዝ መሆን ሌላ፣ ፈሳሹ ውስጥ በቂና ጤነኛ ዘር መኖሩ ሌላ። ይሄኛው ያለ ማይክሮስኮፕ አይታወቅም።

ምርመራው ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከወሲብ ታቅቦ ናሙና መስጠት፣ አለቀ። ሴቷ እኮ ማህፀኗ ውስጥ ቀለም እየገባ ራጅ ትነሳለች!

ግን የሕክምና ቤቶቹም ነገር አለ። አንድ ወዳጄ በስንት ጉትጎታ ሄደ። የላብራቶሪዋ ልጅ፣ ሰው ሁሉ ተራ በሚጠብቅበት፣ ዕቃውን በመስኮት ሰጥታ «ሽንት ቤቱ በዚያ ነው» አለችው። በሩ መቀርቀሪያ የለውም። በየደቂቃው ይንኳኳል። ሰውዬው ባዶ ዕቃውን ኪሱ ከቶ ውልቅ አለ። ቤቱ ሆኖ እንዳያመጣ ናሙናው በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ሳይቀዘቅዝ መድረስ አለበት፤ የአዲስ አበባን ታክሲ ሰልፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በዚያው ቀረ። ሚስቱ ግን ዛሬም መድኃኒት ትውጣለች።

የሚያናድደው፣ ከምክንያቶቹ ብዙዎቹ መላ አላቸው። ቆለጥ ዙሪያ ያበጠ የደም ሥር በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ጨብጥ በጊዜ ከታከመ የዘር መተላለፊያውን ሳይዘጋ ይድናል። ጂም የሚሠሩ ልጆች ለጡንቻ ብለው የሚወጉት የወንድ ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮንስ? አንጎል «ሆርሞኑ ሞልቷል» ብሎ ቆለጥን ማዘዝ ይተዋል፤ ደረት ሲሰፋ ዘር ይመናመናል። ይህን መርፌውን የሚሸጥላቸው አይነግራቸውም። ሲጋራም ያው ነው። ዘር ተመርቶ እስኪወጣ 3 ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ ዛሬ ያቆመ ሰው በሳምንቱ ለውጥ አይጠብቅ።

ስለዚህ አንድ የዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧና የወንድ መራቢያ አካላት) ሐኪም አነጋግራችሁ ሰፋ አድርጋችሁ ጻፉልን። የክሊኒክ ባለቤቶችንም ጠይቁልን፤ መቀርቀሪያ ያላት አንዲት ክፍል ማዘጋጀት ይሄን ያህል ከባድ ነው?

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ