ለሰናይት፦ ስለ ፊሊፒንስ መምህራን ለጠየቅሽኝ

ውድ ሰናይት፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይሄን ያህል ጊዜ መጠፋፋታችንን ስንገናኝ እንወቃቀስበታለን፤ አሁን በመጨረሻው ደብዳቤሽ ወደጠየቅሽኝ ልግባ። እዚያ ዱባይ አብረውሽ የሚያስተምሩት ፊሊፒናውያን ሀገራቸው ቋሚ የመንግሥት ሥራ፣ የሙያ ፈቃድና ጡረታ እያላቸው ለምን ጥለው ይወጣሉ? ብለሻል። «ደመወዝ አንሷቸው ነው» ብዬ ብዘጋው ቀላል ነበር። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ጊዜያቸውን ወረቀት ይወስደዋል፤ ደመወዛቸውን ደግሞ ብድር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

መጀመሪያ ደመወዙን እንየው። ጀማሪ መምህር፣ እነሱ «ቲቸር ዋን» የሚሉት፣ በመንግሥት የደመወዝ ሰንጠረዥ እርከን 11 ላይ ይቀጠራል። መነሻው በ2020 22,316 ፔሶ ነበር፤ በ2023 27,000፣ በ2025 ደግሞ 30,024 ደርሷል። በዓመቱ አጋማሽና መጨረሻ ላይ የየአንድ ወር ደመወዝ የሚያህል ቦነስ አለ። አብዛኛው የግል ትምህርት ቤት ይህን ያህል አይከፍልም፤ ስለዚህ መንግሥት ቅጥር ባወጣ ቁጥር የግሎቹ በዓመቱ መካከል መምህር ያጣሉ። ሀብታም አያደርግም፣ ግን ከደመወዝ ተነሥተሽ ብቻ ብታስቢ የመንግሥት መምህርነት የሚፈለግ ሥራ ነው።

ሕጉን ብታነቢው ደግሞ ያስቀናል። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ማግና ካርታ የሚባለው ሕግ፣ ሪፐብሊክ አክት (የሀገሪቱ አዋጅ) 4670፣ የወጣው በ1966 ነው። መምህር በቀን ከ6 ሰዓት በላይ ክፍል ገብቶ እንዲያስተምር አይጠየቅም፤ ካስተማረ ቢያንስ 25 በመቶ ተጨማሪ ይከፈለዋል። በአስቸጋሪ ቦታ ለሚሠራም ቢያንስ 25 በመቶ የችግር አበል ተቀምጧል። 7 ዓመት ላገለገለ ከደመወዙ ቢያንስ 60 በመቶ እየተከፈለው እስከ አንድ የትምህርት ዓመት የሚማርበት ፈቃድ ሁሉ አለ። የሥራ ቀኑ 8 ሰዓት ስለሆነ፣ ከማስተማር የሚተርፈው 2 ሰዓት ለዝግጅትና ለእርማት መሆን ነበረበት።

ችግሩ ከአተረጓጎሙ ይጀምራል። «ከ6 እንዳይበልጥ» የተባለው በተግባር «ከ6 እንዳያንስ» ሆነ። ማታታግ የተባለው ሥርዓተ ትምህርት በ2024–25 በመዋዕለ ሕፃናት፣ በ1ኛ፣ በ4ኛና በ7ኛ ክፍል ሲጀመር ይሄ በደንብ ታየ። ክፍለ ጊዜው 45 ደቂቃ ሆነ። ለተማሪው ጥሩ ይመስላል። የመምህሩን ሒሳብ ግን ሥሪው፦ 6 ሰዓት 360 ደቂቃ ነው፤ ለ45 ሲካፈል 8 ክፍል። በ60 ደቂቃ ቢሆን 6 ነበር። በየክፍሉ 45 ልጅ ካለ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ከ270 ተማሪ ወደ 360 ተሻገረ ማለት ነው። የማስተማሪያው ሰዓት አንድ ደቂቃ ሳይጨምር 90 ደብተር፣ 90 የፈተና ወረቀት፣ 90 የማርክ መስመር ተጨመረበት። ከክፍል ወደ ክፍል ሲራመድ የሚያልፈውን ደቂቃ የሚቆጥርለትም የለም። ጩኸቱ ሲበዛ ትምህርት ቤቶች ክፍለ ጊዜውን ረዘም አድርገው እንዲደለድሉ አማራጭ ተሰጣቸው፤ ግን ክፍልና መምህር በሌለበት አማራጩ ወረቀት ላይ ይቀራል። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፦ የመምህርን ሸክም በሰዓት ለክቶ ተማሪን አለመቁጠር።

ወረቀቱን ደግሞ ልንገርሽ፤ ሮስተር እየሠራን ያመሸንበትን ጊዜ የምታስታውሺ ሰው ስለሆንሽ ይገባሻል። የትምህርት ሚኒስቴራቸው፣ ዴፕኤድ፣ ቁጥር የተሰጣቸው ቅጾች አሉት። ቅጽ 1 የተማሪዎች መዝገብ ነው፤ ቅጽ 2 የየዕለቱ ስም ጥሪ፤ ቅጽ 3 የተሰጠና የተመለሰ መጽሐፍ፤ ቅጽ 5 ያለፈና የወደቀ፤ ቅጽ 8 የልጆቹ ቁመትና ክብደት፤ ቅጽ 9 ሪፖርት ካርድ፤ ቅጽ 10 ተማሪው ትምህርት ቤት ሲቀይር አብሮት የሚሄደው ቋሚ ማህደር። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ልጅ 12 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለውና መረጃው በኮምፒዩተር ሥርዓት መግባት አለበት። በዓመቱ መጀመሪያ ሀገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲገባበት ይጨናነቃል፤ ያኔ መምህሩ በራሱ ዳታ እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥቶ ይሞክራል። የየቀኑ የትምህርት ዕቅድ አለ፤ የንባብ ምዘና አለ፤ ለዓመታዊው የሥራ አፈጻጸም ምዘና የሚሰበሰብ የማስረጃ ፎልደር አለ። አንዷ መምህርት የምገባ ፕሮግራሙ አስተባባሪ፣ ሌላዋ የንብረት ክፍል፣ ሌላዋ ሳትሠለጥን የምክር አገልግሎት ሰጪ ትሆናለች። የፈረደበት አዲስ ገቢ ከሆነ ሁሉንም ይይዛል።

በጥር 2024 የዴፕኤድ ትእዛዝ ቁጥር 2 ወጣና የሠራተኛ አስተዳደር፣ ንብረት፣ ሒሳብ፣ መዝገብ፣ ምገባና የመሳሰለው ከመምህራን ላይ በ60 ቀን ውስጥ እንዲነሣ ተባለ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ሆኖም ሥራው የሚነሣው የሚረከበው ሰው ሲኖር ነው። አስተዳደር ሠራተኞች እየተቀጠሩ ነው፤ በትልቅ ከተማ ትምህርት ቤት ልዩነቱ ይታያል። ደሴት ላይ ወይም ተራራ ላይ ያሉ ትናንሾቹ ግን አንዱን ሠራተኛ ለብዙ ይጋሩታል፤ እሱ በሌለበት ቀን ርዕሰ መምህሩ ዞሮ የሚያየው ያችኑ መምህርት ነው።

አሁን ወደ ማርኩ እንምጣ። እንደ መምህር በጣም የሚያበሳጭሽ ይሄኛው ይመስለኛል። በ2015 በወጣው መመሪያ ለሳይንስና ለሒሳብ የጽሑፍ ሥራ 40 በመቶ፣ የተግባር ሥራ 40፣ የሩብ ዓመት ፈተና 20 ይይዛል። ድምሩ ከወጣ በኋላ በመቀየሪያ ሠንጠረዥ ያልፋል፤ 60 ያመጣ 75 ይጻፍለታል፤ 75 ደግሞ ማለፊያ ነው። እስቲ በምሳሌ ሥሪው። ልጁ በጽሑፍ ሥራው ግማሹን መለሰ፤ ይሄ 20 ይሰጠዋል። በፈተናውም ግማሹን መለሰ፤ 10። ፖስተርና የቡድን ሥራ በሚበዛበት የተግባር ክፍል 75 በመቶ አገኘ፤ 30። ድምር 60፣ ካርዱ ላይ 75፣ አለፈ። በቡድኑ ውስጥ ማን እንደሠራ ማን ይጠይቃል?

መጣልም ይቻላል፤ ወጪው ግን በመምህሩ ነው። በአንድ ወይም በሁለት ትምህርት የወደቀ ማካካሻ ይማራል፤ የማካካሻው ውጤት ከመጀመሪያው ጋር ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። በሦስትና ከዚያ በላይ የወደቀ ይደግማል። ከመድገሙ በፊት ግን መምህሩ ቤቱ ድረስ መሄዱን፣ ወላጅ መጥራቱን፣ ልዩ እገዛ መስጠቱን በሰነድ እንዲያሳይ ይጠበቃል። የትምህርት ቤቱ ውጤት የሚለካው በማለፍና በማቋረጥ መጠን ስለሆነ ርዕሰ መምህሩም የወደቀ ማየት አይወድም። 360 ተማሪ ይዞ ይህን ሁሉ ለ40 ልጅ የሚያደርግ ማን ነው? 75 ይሰጥና ያልፋል። በቅጡ የማያነብ ልጅ 7ኛ ክፍል ይደርሳል፣ የ7ኛው መምህርም የ1ኛውን ይወቅሳል። የ15 ዓመት ልጆችን በሚፈትነው ዓለም አቀፍ ምዘና፣ በ2022ቱ ፒዛ፣ ፊሊፒንስ በንባብ 347፣ በሒሳብ 355፣ በሳይንስ 356 አምጥታለች፤ የኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ ሀገሮች ማኅበር) አባላት አማካይ 476፣ 472 እና 485 ነበር። ውጤቱ በወጣ ሰሞን ወቀሳው ሁሉ መምህሩ ላይ ወረደ። በጥቅምት 2024 አራል የተባለ የማጠናከሪያ ትምህርት ሕግ ጸድቋል፤ ለአስጠኚ መክፈልን የሚፈቅድ መሆኑ ጥሩ ነው። ያለ ክፍያ በዚያው መምህር ላይ ቢጫን ኖሮ አንድ ተጨማሪ ቅጽ ብቻ ይሆን ነበር።

የቋንቋውን ነገር ባጭሩ። በ2013ቱ ሕግ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይማሩ ተባለ፤ 19 ቋንቋዎች ተመረጡ። መጽሐፉ በአንድ ቋንቋ ይመጣል፣ መምህሩ የሠለጠነው በሌላ ነው፣ ከልጆቹ ግማሹ ቤት የሚናገሩት ሦስተኛውን ነው፤ 4ኛ ክፍል ሲገቡ ደግሞ በአንዴ ወደ ፊሊፒኖና እንግሊዝኛ። ከ1986 ዓ.ም. (ይሄ ብቻ በኛ አቆጣጠር ነው) የትምህርት ፖሊሲያችን ወዲህ እኛም ሀገር የዚህን ዘመድ አይተነዋል። በጥቅምት 2024 በወጣው ሪፐብሊክ አክት 12027 ማስተማሪያነቱ ቀረ፤ ሁሉም ልጆች አንድ ቋንቋ በሚናገሩበት ክፍል ብቻ፣ ፊደሉ፣ መዝገበ ቃላቱ፣ የሰዋስው መጽሐፉና ቋንቋውን የሚችል መምህር ከተሟላ ይቀጥላል። እኔ ብጠየቅ ኖሮ ቋንቋውን ሳይሆን የመምህር ምደባውን ነበር የማሻሽለው።

ብድሩን ለመጨረሻ ያቆየሁት ውጭ የሚያስወጣቸው በአብዛኛው እሱ ስለመሰለኝ ነው። ፊሊፒናዊ ቤተሰብ ውስጥ በየወሩ የማይቋረጥ ደመወዝ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ መምህሯ ናት። የወንድም የኮሌጅ ክፍያ፣ የእናት ሆስፒታል፣ አውሎ ነፋስ የወሰደው ጣሪያ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ይመጣል። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ይሄስ የኛም ሀገር ነገር ነው። ከደመወዟ ግብር፣ የጡረታ መዋጮ፣ የጤና መድንና የቤቶች ፈንድ ይቆረጣል። ቀጥሎ የጡረታ ድርጅቱ ብድር፣ ከዚያ ከደመወዝ እንዲቆርጡ የተፈቀደላቸው የግል አበዳሪዎች። የበጀት ሕጉ ከሁሉም ተቆራጭ በኋላ ቢያንስ 5,000 ፔሶ እጇ ላይ መቅረት አለበት ይላል። የተቀመጠው ሊጠብቃት ነበር፤ አበዳሪው ግን እስከዚያ ድረስ ማበደር እንደሚችል አድርጎ ያነበዋል። አሮጌው ብድር ሳያልቅ በአዲስ ይታደሳል፣ የዓመቱ ብዛት ይረዝማል። 5,000 ሲቀራት ወደ አራጣ ትሄዳለች፤ 5 ወስዶ 6 መመለስ፣ ማለትም 20 በመቶ። ለዋስትና የደመወዝ ኤቲኤም ካርዷን ከነሚስጥር ቁጥሩ ታስይዛለች። ያኔ ደመወዝ ቢጨመር የሚጨመረው የመበደር አቅሟ ነው።

ከኪሷ ለክፍሉ የምታወጣውም ቀላል አይደለም፤ የማተሚያ ወረቀት፣ ቀለም፣ ማራገቢያ። ለማስተማሪያ ቁሳቁስ የሚሰጠው ዓመታዊ አበል 5,000 ነበር፤ በሰኔ 2024 በወጣ ሕግ ከ2025–26 ጀምሮ 10,000 ሆኗል፣ ግብርም የለበትም። 360 ተማሪ ላላት ግን በልጅ 28 ፔሶ ገደማ ለዓመት ነው።

ታዲያ ለምን እድገት አትጠብቅም? ብትይ፣ መሰላሉ መሐሉ ተቆርጦ ነበር። ቲቸር ስሪ እርከን 13 ነው፤ ማስተር ቲቸር ዋን 18። በመሃል ምንም አልነበረም፤ የማስተር ቲቸር ቦታም በኮታ ስለሆነ ብዙ ሰው 13 ላይ ጡረታ ይወጣ ነበር። በ2022 በወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ 174 ከቲቸር ፎር እስከ ቲቸር ሰቨን ተጨምሮ ክፍተቱ ተሞልቷል። ከሁሉም ማሻሻያዎች በጣም የማምንበት ይሄን ነው፤ ክፍሏን ሳትለቅ ማደግ ትችላለችና።

ስለዚህ አንዳንዱ ለአሜሪካ ጄ-1 ቪዛ (ለልውውጥ መምህራን የሚሰጠው) ለአገናኝ ኤጀንሲ ተበድሮ ከፍሎ ይሄዳል፤ 3 ዓመት፣ ቢራዘም ተጨማሪ 2። አንዳንዷ የማስተማር ፈቃዷን ሻንጣ ውስጥ ከትታ ሆንግ ኮንግ የቤት ሠራተኛ ትሆናለች፤ ቤሩትና ሪያድ ዲግሪ ይዘው የወረዱ እህቶቻችንን አስቢ። መንግሥታቸው እንዲህ ያሉትን መምህራን መልሶ በቲቸር ዋንነት የሚቀጥርበት ፕሮግራም አለው።

ጓደኛሽ መመለስ ታስባለች ስላልሽኝ፣ የሙያ መታወቂያዋ በየ3 ዓመቱ እንደሚታደስና የተከታታይ ሥልጠና ነጥብ እንደሚጠየቅበት አስታውሺያት፤ ጊዜው ሳያልፍ ከዚያው ሆና ትጀምረው። ለቅጥር ከ100 ነጥብ ክፍል ውስጥ ገብታ የምታሳየው ትምህርት 35 ይይዛል፤ የፈቃድ ፈተናው ውጤት 10 ብቻ ነው። ስለዚህ የምትዘጋጅበት የማሳያ ትምህርቱን ነው። ደግሞ ሀገር ቤት የቀረ ያልተዘጋ ብድር ካለ ከመመለሷ በፊት ትጨርሰው፤ ከመጀመሪያው ደመወዝ ላይ መቆረጥ ይጀምራል።

እማማን ሳሚልኝ። ያንቺን ትምህርት ቤት የክፍል ብዛትና የክፍለ ጊዜ ድልድል ጽፈሽ ላኪልኝ።

ያንቺው፣
ብርሃኑ