ቤቱን ሐይቅ ተከራይ፣ አርዲቦን አንድ ቀን እናየዋለን

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ደሴ ዝናቡ ጀማምሮታል። ጉልበቴ እንደሁ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል።

ያን ቀን ስልኩ እየተቆራረጠ አላስጨረሰኝም፤ ስለዚህ ልጻፍልህ ብዬ ነው። ክረምቱን ውሃ ዳር ቤት ተከራይተህ ከልጆቹ ጋር ዓሣ ልታጠምድ ማሰብህ ደስ ብሎኛል። ከሁለቱ የወሎ ሐይቆች «ሐይቅ ይሻላል አርዲቦ?» ላልከኝ ግን ሐይቅ ነው የምልህ።

አርዲቦን ጠልቼ አይደለም። እንዲያውም ውበቱን ካልክ እሱ ይበልጣል። ከፍ ብሎ ተራራ መሐል ጸጥ ብሎ ተኝቷል፤ ውሃው በአንከርካ ወንዝ ወርዶ ሐይቅ ይገባል። ዓሣውም ያው ነው፤ ቆረሶ፣ አምባዛ፣ ካርፕ የሚሉትም አለ። ችግሩ መንገዱ ነው። ሐይቅ ከተማ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት፣ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ወደ አርዲቦ ስትታጠፍ ግን የሐምሌ ጭቃ ይጠብቅሃል።

ይሄን ከሰው ሰምቼ አይደለም። አባትህ በሕይወት እያለ አንድ ክረምት አርዲቦ በኩል ቤት ተከራይተን ነበር። ደላላው «መስኮት ስትከፍቱ ውሃ ነው» አለን። ስንከፍተው የሰው በረት ነው! ውሃው ጋ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ጭቃ መርገጥ ነበረብን። በሦስተኛው ሌሊት አንተን ትኩሳት ያዘህ፤ አራት ዓመትህ ነበር። አባትህ በጋቢ አዝሎህ እስከ አስፋልቱ በእግሩ ወረደ። እኔ ባትሪ ይዤ ከኋላ፣ አንድ እግር ጫማዬን ጭቃው አስቀርቶት። አንተ አታስታውሰውም። አሁን ደግሞ ደላላው በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ ትለኛለህ። ፎቶው የተነሳው በጥቅምት ይሁን በሐምሌ በምን ታውቃለህ? ቀብድ ሳትከፍል አንድ ቅዳሜ ናና በእግርህ እየው። ዳሩንም እየው፤ ደንገልና ሣር የሸፈነው ከሆነ መንጠቆህ ሲጠመድ የሚውለው ሣር ላይ ነው።

የማይባርን ሐይቅም አንስተህ ነበር። ትንሽ ናት፣ ደጋ ናት፣ በክረምት ብርዱ አጥንት ይገባል። እሷን ተዋት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጆቹ ውሃው ውስጥ ገብተው እንዳይንቦራጨቁ። ሐይቅ አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃ ውስጥ በቆዳ ነው የሚገባው። አንከርካንም በባዶ እግር አያቋርጡ። ደግሞ ሐይቁ ጥልቅ ነው፣ መሐሉ እስከ 88 ሜትር ይሄዳል። ዳር ቁጭ ብለው ሲባጎ ይጣሉ፣ ይበቃቸዋል። አጎበርም አትርሳ፤ እንደ ደሴ ብርድ አይደለም፣ ትንኝ አለ።

ዓሣ ማጥመዱን ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም፣ የአባትህ ልጅ ነህ። ብቻ በጠዋት ተነሱ፤ ክረምት ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው የሚመጣው። ቆረሶ በትልም በሊጥም ይያዛል። አምባዛ ከፈለግህ ምሽቱን ጠብቅ፣ የበግ አንጀት ይወዳል። መረብ ልጣል እንዳትል፤ እዚያ ከውሃው የሚኖሩ አጥማጆች አሉ፣ መጀመሪያ እነሱን አነጋግር። ቆረሶ እኮ የሐይቅ ተወላጅ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው አምጥተው የጨመሩት፤ ዛሬ ግን የስንቱ ቤት እንጀራ ሆኗል።

ጊዜውን ከፍልሰታ በኋላ አድርገው። እኔ በጾም ዓሣ አልነካም፤ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቻለሁ። ከነሐሴ 16 እስከ ጳጉሜን ያለው ጥሩ ነው፣ ዝናቡም ይቀንሳል፣ ትምህርት ቤትም አልተከፈተም። የድሮ ጎረቤቶቻችንንም እንጠራለን። ሥጋ ቢሆን የክርስቲያን የእስላም እያልን ሁለት ድስት እንጥድ ነበር። ዓሣ እርድ የለው፣ ከአንድ ትሪ እንበላለን። አባትህ ዓሣ የሚወደው ለዚህ ይመስለኝ ነበር።

ሚስትህ እዚያው ያለውን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ልሳለም ካለች ከአሁኑ ንገራት፣ ሴት አይገባም። አንተ ልጁን ይዘህ ግባ፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነው። እኛ ውጭ ቡና እናፈላለን።

ዓሣውን የማጸዳው መቼም እኔ ነኝ። ያለፈው ጊዜ ልርዳሽ ብለህ ከራስ ወደ ጭራ ስትፍቅ ቅርፊቱ አልላቀቅ ብሎህ ነበር፤ የጀርባው እሾህም አውራ ጣትህን ወጋህ። ከጭራ ወደ ራስ ነው የሚፋቀው። ቅርፊቱ እንዳይበተን ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ አድርገህ ፋቀው።

ቢላዋ ይዘህ ና። የእኔ ዶልዷል።

እናትህ