ካሜራውስ አለ፣ መጽሐፉ ነው የጠፋው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በቅርቡ በጥበብ ገጻችሁ ላይ የአማርኛ ፊልም ለምን አላደገም የሚል ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ጸሐፊው ጥፋቱን በሙሉ ገንዘብና ካሜራ ላይ ጫኑት። አነበብኩት፣ ለሥራ ባልደረቦቼም አስነበብኳቸው፣ ግን አልተዋጠልኝም። እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ እየቀረጽኩና ኤዲት እያደረግኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ በትርፍ ጊዜያችን ደግሞ ከልጆቹ ጋር አጫጭር ፊልሞች እንሞክራለን። የካሜራ እጥረት የሚባለው ሰበብ እዚህ ውሃ አያነሳም። ዛሬ ደሴ ላይ ጊምባል (ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው ዕቃ) የሌለው፣ በቦርሳው ሁለት ሦስት ሌንስ የማይዝ ቀራጭ ፈልጋችሁ አታገኙም። ካሜራ የሌለው በስልኩ ይቀርጻል፣ ስልኩም ምን ጎደለው? ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ብትገቡም ያው ነው።

የጎደለው ሌላ ነው። አንዱን ጎበዝ ቀራጭ ካሜራውን ለምን እዚያ ጋ እንዳቆመው ጠይቁት። «ያምራላ!» ይላችኋል። ለምን አማረ? ዝም። ይሄን ለመመለስ ወይ አስተማሪ ያስፈልጋል፣ ወይ መጽሐፍ። አስተማሪው ያለው አዲስ አበባ ነው። መጽሐፉስ?

ዩቲዩብ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ እኔም የቀለም እርማት የተማርኩት ከዚያው ነው፣ አላማውም። ግን በአብዛኛው የሚያስተምረው የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ነው። መቼ እንደማይነካ አይነግርም።

ዳይሬክቲንግ መማር ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የማቀብለው የሲድኒ ሉሜትን «ሜኪንግ ሙቪስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ነው፤ ሰውየው ዕድሜውን በሙሉ ፊልም ሲሠራ ኖሮ የጻፈው። ወፍራም አይደለም፣ እንግሊዝኛውም አያስጨንቅም። ስክሪፕቱን ከመምረጥ ይጀምርና ልምምዱን፣ ቀረጻውን፣ ኤዲቲንጉን፣ ድምፁን እያለ አንድ ፊልም ተሠርቶ ተመልካች ፊት እስኪቀርብ ድረስ ይዟችሁ ይሄዳል። ፍልስፍና አያበዛም። «እንዲህ ነበር፣ ስለዚህ እንዲህ አደረግኩ» ነው ነገሩ።

የመጀመሪያ የሲኒማ ሥራው የሆነውን «12 አንግሪ ሜን»ን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ለፍርድ የተመረጡ አሥራ ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ተዘግቶባቸው በአንድ ልጅ ሞትና ሕይወት ላይ ይከራከራሉ። በቃ፣ ከጥቂት ደቂቃ በስተቀር ፊልሙ ከዚያ ክፍል አይወጣም። ሉሜት ታዲያ ምን አደረገ? የመጀመሪያውን ሲሶ ካሜራውን ከዓይን መስመር ከፍ አድርጎ ቀረጸው። ሁለተኛውን ሲሶ በዓይን ልክ አወረደው። የመጨረሻውን ከዓይን በታች። ካሜራው ዝቅ ሲል ጣሪያው መታየት ጀመረ። ሌንሱንም እያደር ወደ ረጃጅሞቹ እየቀየረ ሄደ፤ ከሰዎቹ ጀርባ ያለው ግድግዳ የተጠጋባቸው እስኪመስል። ክፍሉ ያው ክፍል ነው፣ አንድ ወንበር አልተጨመረም። ተመልካቹ ግን ምክንያቱን ሳያውቀው እየታፈነ ይሄዳል። ጨርሰው ወደ ውጭ ሲወጡ በሰፊ ሌንስ ይቀርጸዋል፣ ያኔ ትንፋሽ ይመለሳል።

እስቲ ይሄን ወደ እኛ ሰፈር አምጡት። የእኛ ፊልም ምንድን ነው? ሳሎን ነው። ሶፋ አለ፣ ቡፌ አለ፣ የላስቲክ አበባ አለ፣ ሁለት ሰው ይጨቃጨቃል። ካሜራው ከመጀመሪያው ጭቅጭቅ እስከ መጨረሻው እርቅ አንድ ከፍታ ላይ ነው፣ ሌንሱም አንድ ነው፣ እናትየው ስትሞትም ቡና ሲፈላም ያው። «ምን እናድርግ፣ ብር የለንም፣ ሳሎን ውስጥ ቀረጽነው» ይባላል። ሉሜትም እኮ የነበረው አንድ ክፍል ነው! ትራይፖዱን ዝቅ ለማድረግ ስንት ብር ይጠይቃል? ደግሞ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ተዋንያኑን ለሁለት ሳምንት ያህል ያለማምዳል። እኛ ጋ ተዋናዩ ስክሪፕቱን የሚያየው ሜካፕ እየተቀባ ነው። ልምምድ ደግሞ ሻይና ዳቦ ካልሆነ በቀር ወጪ የለውም።

ኤዲተር ለሆነ ሰው ደግሞ የዋልተር መርች መጽሐፍ አለ፣ «ኢን ዘ ብሊንክ ኦፍ አን አይ» የሚባል። ይሄ ሰው «አፖካሊፕስ ናው»ን ኤዲት ካደረጉት አንዱ ነው፣ ድምፁንም የሠራው እሱ ነው። ለዚያ ፊልም የተቀረጸው ከ230 ሰዓት በላይ ነበር። በሁለት ካሜራ የተቀረጸ የአንድ ቀን ሰርግ በዛብን ብለን የምንነጫነጭ ሰዎች እዚህ ላይ ዝም ብንል ይሻላል። መርች አንድን ሾት የት ልቁረጠው የሚለውን በስድስት መስፈርት ያስቀምጥና ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጠዋል። ለስሜት 51 ከመቶ። ለታሪኩ 23። ለምቱ 10። ከዚያ የተመልካቹ ዓይን ያረፈበት ቦታ ይመጣና ሰውየው በግራ ነበር በቀኝ፣ እጁ የት ነበር የሚሉት መጨረሻ ላይ ይቀመጣሉ። በተራው ኤዲተር ዘንድ ግን መጀመሪያ የሚታዩት እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው።

በሰርግ ሥራ ላይ ይሄን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ እናትየው ያለቅሳሉ። በአንደኛው ካሜራ ነጠላቸው በቀኝ ትከሻቸው ነው፣ በሁለተኛው ወደ ግራ ዞሯል፤ እንባው ግን በሁለተኛው ነው ያለው። የቱን ትመርጣላችሁ? ነጠላው እንዲገጥምልኝ ብሎ እንባውን የሚጥል ኤዲተር ሞልቷል። ቤተሰቡ ግን ቪዲዮውን ሲያይ ነጠላ የት ነበር ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልገጠመኝም። ሁሉም አብሮ ያለቅሳል። ይሄው 51 ከመቶ የተባለው። በነገራችን ላይ መርች ኤዲት የሚያደርገው ቆሞ ነው፤ ወገቡን ለሚያመው ባለሙያ ሁሉ ይሄ ብቻውን የመጽሐፉን ዋጋ ይመልሳል።

የድምፅ ነገር ከተነሳ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። የአምባሰልና የባቲ አገር ላይ ተቀምጠን ለፊልማችን ከኢንተርኔት የወረደ ነጻ ፒያኖ የምናስገባው ለምንድን ነው? አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ጠርቶ መቅረጽ እኮ ከባድ ነገር አልነበረም።

ሦስተኛው፣ ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ትሩፎ የትሪለር ፊልሞችን ጌታ ሂችኮክን ቁጭ አድርጎ የጠየቀበት መጽሐፍ ነው። ቃለ መጠይቁ እ.ኤ.አ. በ1962 ተደረገ፣ መጽሐፉ በ1966 ወጣ። ፎቶው ብዙ ስለሆነ እንግሊዝኛው ለሚከብደውም ይመቻል። እዚያ ውስጥ ሂችኮክ ስለ አንድ ቦምብ ያወራል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ተራ ወሬ ያወራሉ፣ ድንገት ከሥር ቦምብ ይፈነዳል። ተመልካቹ ለ15 ሴኮንድ ደነገጠ፣ አለቀ። ቦምቡን ለተመልካቹ ቀድማችሁ ካሳያችሁት ግን ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ወንበር ላይ ያንቆራጥጠዋል። የእኛ ትሪለር ግን ሁሉን ነገር ደብቆ ደብቆ መጨረሻ ላይ «ለካ ወንድሟ ነው!» ይለናል። እና ምን ይሁን?

መጀመሪያ ላይ እንዳትነኩ የምላቸውም አሉ። የሶቪየቶቹ ዳይሬክተሮች አይዘንስታይንና ታርኮቭስኪ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ጀማሪ ግን በእነሱ ከጀመረ ሁለተኛ መጽሐፍ የሚከፍት አይመስለኝም። የቦርድዌልና የቶምፕሰን «ፊልም አርት» የኮሌጅ መማሪያ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ከማንበብ ግን ሲቸግር ገልጦ ማየት ይሻላል። ልጆቹ በጣም የሚወዱት የሮበርት ሮድሪጌዝን «ሬብል ዊዝአውት ኤ ክሩ» ነው። እሱም «ኤል ማሪያቺ» የሚባለውን ፊልሙን በ7,000 ዶላር ገደማ እንዴት እንደቀረጸው የጻፈበት ነው። ችግሩ ሰው ሁሉ 7,000ዋን ብቻ ይዞ ይወጣል። ልጁ ከዚያ በፊት ከቤተሰቡ ጋር ስንት አጭር ፊልም ሲሠራ እንደኖረ፣ ሥራው ሲኒማ ቤት ከመግባቱ በፊትም አንድ ትልቅ የፊልም ኩባንያ ገዝቶት ከዚያ ብዙ እጥፍ ገንዘብ እንዳፈሰሰበት ማንም አያስታውስም። የብሩንም ከፊል ያገኘው ሆስፒታል ገብቶ መድኃኒት እየተሞከረበት ነው። አደራ፣ እሱን እንኳ እንዳትከተሉት።

የሲኒማ ታሪክን በተመለከተ አንድ ቅሬታ አለኝ። እዚህ ስለ ታሪክ የሚያወራ ሁሉ ከፓሪስ፣ ከሉሚየር ወንድማማቾች፣ ከእ.ኤ.አ. 1895 ይነሳል። ይነሳ፣ ግን እዚያው ይቀራል። የእኛስ? አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ይለው እንደነበር፣ በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማን ነው» የሚል ሙሉ ፊልም እንደተሠራ ስንቱ ወጣት ያውቃል? የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ንጉሡ በወረዱበት ሰሞን በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ገበሬውን ራሱን እያሠራ ቀርጿል። ያ ሥራ ዛሬም በዓለም የፊልም ትምህርት ቤቶች ይታያል። እኛ ጋ ግን ካሜራ ይዘው የሚዞሩ ልጆች ስሙን ሲሰሙ «ጤዛን የሠራው?» ይላሉ፣ እሱንም ያወቁት በቬኒስና በዋጋዱጉ ስለተሸለመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ሲኒ-ኢትዮጵያ» የሚባል የጥናት መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ፣ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ታትሟል፤ ከአዘጋጆቹ አንዱ የራሳችን ሰው አቦነህ አሻግሬ ናቸው። ስለ እኛ የተጻፈው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ፣ የታተመው ባሕር ማዶ! ይሄ ደሴ መቼ ይደርሳል?

ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ማርሴይ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። ልብ ወለድ ጻፈ፣ በኋላ ግን አገሩ ያለው ሰው ፈረንሳይኛ ስለማያነብ ወደ ፊልም ዞረ፤ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል ሞስኮ ሄዶ ተማረ። እኔ የምፈልገው እንዲህ ዓይነቱን ታሪክ ነው፣ ምክንያቱም ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እየሠራ ማታ ስክሪፕት የሚጽፍ ልጅ ስለማውቅ።

አሁን ወደ መደርደሪያው ልምጣ። እዚህ አንድ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የፊልም መጽሐፍ አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ልጅቷ ትሑት ናት፣ ፈልጋ ፈልጋ ያመጣችልኝ ፎቶ በጨለማ ክፍል እንዴት እንደሚታጠብ የሚያስረዳ የቆየ መጽሐፍ ነው። ገጾቹም ተጣብቀዋል። መጻሕፍት መደብሮቹ ደግሞ ልብ ወለድ፣ ሃይማኖትና «ሀብታም የመሆን ምስጢር» ነው የሚሸጡት። ስለዚህ ሁላችንም የምናነበው በቴሌግራም የተላከ ፒዲኤፍ ነው፣ በስልክ፣ ፊደሉን በጣት እያሰፉ። የደራሲውን መብት መንካት መሆኑን አውቃለሁ፣ የሚያኮራ ነገር አይደለም። ግን የት ይገዛ? በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት በተዘጋበት ጊዜ ዩቲዩቡም ቴሌግራሙም ጠፋ፣ ቀድመን ፎቶ ኮፒ ያስነሳናት አንዲት የሉሜት ጥራዝ ብቻ ከእጅ እጅ ስትዞር ከረመች። ሽፋኗ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል፣ የ«ካሜራ» ምዕራፍ ላይ አንዱ ሻይ ደፍቶባታል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። የጥበብ ገጻችሁን አይቼዋለሁ፤ ማን አገባ፣ ማን ፈታ፣ የማን ፊልም በቀይ ምንጣፍ ተመረቀ። ይሁን፣ እሱም ይነበባል። ግን ከዚያ ላይ ግማሽ ገጽ ቀንሱና ፊልም ለመሥራት የሚያስተምር ዓምድ ክፈቱ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቴአትርና ፊልም የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ፣ ጠይቋቸው፣ እምቢ አይሉም። አደራ ግን «የፊልም ጥበብ ምንነትና ፋይዳ» ተብሎ እንዳይጀመር። አንድ ትዕይንት ይምረጡ፣ ሁላችንም ካየነው የአማርኛ ፊልም ቢሆን ይመረጣል፣ ካሜራው የት እንደቆመ፣ ለምን እንደቆመ፣ ሌላ ቦታ ቢቆም ምን ይቀየር እንደነበር በተራ አማርኛ ይጻፉልን። ሥዕል ቢጨመርበት ደግሞ እሰየው። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ከእነዚህ መጽሐፎች አንድ ሁለቱን ገዝቶ ለከተማው ሰው የሚከፈት መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጥ በጀቱ የሚናጋ አይመስለኝም።

ጽሑፍ የሚያዋጣ ሰው ከጠፋ ስለ ሰርግ ኤዲቲንግ እኔ ልጽፍላችሁ እችላለሁ፣ ያውም በነጻ። አንድ ነገር ግን አስተካክሉ፦ ጋዜጣው ደሴ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ዓምዱ ከተከፈተ ልጆቹ ፒያሳ ያለውን አዟሪ ማስጨነቃቸው አይቀርምና ለወሎ የምትልኩትን ቁጥር ከወዲሁ ጨመር አድርጉት።

አንባቢያችሁ ነኝ፣ ከደሴ