«መራመድ ደግሞ ምኑ ስፖርት ነው?» ላላችሁን

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ጋዜጣችሁን ከስፖርት ገጹ ጀምሬ ወደ ፊት የማነብ ሰው ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዱ አምደኛችሁ እውነተኛ ስፖርት የቱ ነው ብሎ ሲያበጥር ቼዙንም ዳርቱንም ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ያየነውን ብሬክ ዳንስም ጠቅልሎ ጣላቸው፣ ይሁን ብዬ ዝም አልኩ፣ ባለቤቶቹ ይከራከሩበት። መጨረሻ ላይ ግን የእርምጃ ውድድርን ጨመረና «መራመድ ደግሞ ምኑ ስፖርት ነው፣ የቸኮለ ይሩጥ» ብሎ አረፈው። እኔ እንግዲህ ሰባት አመት እርምጃ የተወዳደርኩ ሰው ነኝ፣ አሁን ትቼዋለሁ፣ ግን ይቺን ሳነብ የያዝኩት ሻይ ቀዘቀዘብኝ።

የቸኮለ ይሩጥ ካልንማ ኳስ ተጫዋቹንም ኳሷን በእጅህ ይዘሃት ግባ አትልፋ ልንለው ነው፣ በደረት የሚዋኘውንም ምን አስጨነቀህ ፍሪስታይል ይፈጥናል ልንለው ነው። ጨዋታውን ጨዋታ ያደረገው እኮ ክልከላው ነው። የእርምጃ ክልከላ ደግሞ ሁለት ናት። አንደኛ በአይን እስከሚታይ ድረስ አንዱ እግርህ ሁሌም መሬት መንካት አለበት፣ ሁለተኛ ወደ ፊት የዘረጋኸው እግር መሬት ከነካ ጀምሮ ሰውነትህ ቀጥ ብሎ ከላዩ እስኪያልፍ ጉልበትህ መታጠፍ የለበትም። ሰዉ የሚስቅበት የዳሌ መወዛወዝ የመጣው ከዚህ ነው፣ ጉልበት ካልታጠፈ እርምጃው የሚረዝመው በዳሌ ነዋ! ዳኞቹ መንገድ ዳር ተደርድረው ነው የሚያዩህ፣ ጉልበት ከሆነ እንደ ቀስት የተሰበረች ምልክት፣ መሬት መልቀቅ ከሆነ የሞገድ ምልክት ያለባት ቢጫ ያሳዩሃል፣ ሶስት የተለያዩ ዳኞች ቀይ ከጻፉብህ ወይ ከውድድሩ ትወጣለህ ወይ እንደ ውድድሩ አይነት ቅጣት ቦታ ገብተህ ሌላው ሲያልፍህ ቆመህ ታያለህ፣ በ20 ኪሎሜትር ሁለት ደቂቃ ነው። ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ አውስትራሊያዊቷ ጄን ሳቪል በገዛ አገሯ እየመራች ስታዲየም ልትገባ ስትል ነው ቀይ ያሳዩዋት። ወርቋ ከፊቷ፣ ህዝቡ ውስጥ ሆኖ እየጠበቃት።

ድካሙን ደግሞ ልንገራችሁ። ሩጫ ላይ ሳንባህ ነው የሚያቃጥልህ፣ እርምጃ ላይ ግን ከቅልጥምህ ፊት ለፊት ያለችው ጡንቻ ናት፣ ተረከዝህ ቀድሞ እንዲያርፍ ጣትህን ሽቅብ ይዛ የምትቆየው እሷ ስለሆነች አምስተኛው ኪሎሜትር ላይ ድንጋይ ትሆናለች፣ ማታ ደረጃ መውረድ አትችልም። በዛ ላይ ሳቁ አለ። ሰንዳፋ መንገድ ላይ ጠዋት ስንሰራ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ወጥቶ «ብሮ ሽንት ቤቱ በዛ በኩል ነው!» ይለኝ ነበር፣ ሹፌሩ እስኪያቆመው ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል። አንድ ቀን ደግሞ እንጨት የተሸከሙ እናት አስቁመውኝ ወገቤን እያዩ «አይዞህ ልጄ፣ ጸበል ሞክረሃል?» አሉኝ። እሳቸው ላይ እንኳ አልፈርድም፣ አዝነውልኝ ነው።

ዝም ብሎ መራመድ ነው ለሚል አንድ ሂሳብ አለኝ። የወንዶች የ20 ኪሎሜትር ሪከርድ ከ1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በታች ነው፣ ኪሎሜትሯን በ3 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። በዚህ ሂሳብ የታላቁ ሩጫን 10 ኪሎሜትር በ38 ደቂቃ ምናምን እየተራመደ ይጨርሰዋል። ቲሸርት ለብሶ ከሚወጣው ህዝብ ስንቱ ነው *ሮጦ* በ38 ደቂቃ የሚገባው? እኔን ጨምሮ!

አንድ ነገር አልክድም፣ ቪዲዮው ዘግይቶ ሲታይ ጎበዝ የሚባለው ተራማጅ ሁለት እግሩ ለቅጽበት አየር ላይ ነው፣ ህጉ በአይን የሚታይ የሚለውም ለዛ ነው፣ ስለዚህ ዳኝነቱ ያከራክራል። ኦፍሳይድ አያከራክርም እንዴ?

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ኃይሌና ፋጡማ ሮባ ወርቅ ባመጡበት በ1996ቱ አትላንታ ኦሎምፒክ ኢኳዶር በታሪኳ የመጀመሪያ የሆነውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያገኘችው በእርምጃ ነው፣ ጄፈርሰን ፔሬዝ በሚባል የኩዌንካ ልጅ፣ ወርቅ። ኩዌንካ ከፍታዋ እንደ አዲስ አበባ ነው። ፓሪስ ላይም ብራያን ፒንታዶ በ20 ኪሎሜትር ደገመው። አየሩ እኛም ጋ አለ፣ እግሩም አለ፣ የኋልዬ በለጠው ቶኪዮ ኦሎምፒክ ድረስ ሄዳ በ20 ኪሎሜትር ተወዳድራለች፣ ስንቱ ያውቃታል? እኛ ጋ እርምጃ የሚሰጥህ ለሩጫ አልሆን ስትል ነው፣ እኔንም አሰልጣኜ «አንተ ፍጥነት የለህም፣ እስቲ እርምጃ ሞክር» ብሎ ነው ያስገባኝ፣ እንደ ቅጣት። ወደድኩት እንጂ።

አንድ አመት በሻምፒዮናው ሶስተኛ ወጣሁ። በነጋታው ጋዜጣ ገዝቼ (የትኛውን እንደሆነ ይቅር) ለእናቴ ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ ከ100 ሜትር ጀምራ በጣቷ እየተከተለች ወረደች፣ ውርወራውም ዝላዩም ተጽፏል፣ ማራቶን ላይ ደርሳ ገጹ አለቀ። «ያንተስ?» አለችኝ። ቦታ ጠቧቸው ይሆናል አልኳት። አምደኛችሁ ስፖርት ነው አይደለም የሚለውን በፈለገው ቀን ይቀጥልበት፣ እናንተ ግን የሚቀጥለውን ሻምፒዮና ውጤት ስታወጡ የእርምጃውን ሶስት ስም አስገቡልን፣ አንድ መስመር ነው የሚፈጀው።

የቀድሞ ተራማጅ፣ ከአዲስ አበባ