ተወካያችን ክረምቱን የት ነው የሚያሳልፉት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰኔ 30 ይዘጋል። እስከ መስከረም የመጨረሻ ሳምንት አይሰበሰብም። በዓመቱ መሃል ደግሞ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። ታዲያ የእኛው ተወካይ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዴ እንኳ ጎንደር ብቅ ቢሉ ምን ነበረበት?

ምርጫ ሰሞን አዘዞ እኛ ሰፈር መጥተው ነበር። በር ላይ የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች አይተው ቅድሚያ የሚሰጡት ለውኃ እንደሆነ ነገሩን። ጀሪካኖቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። የአንዱ እጀታ ተሰብሮ በገመድ አስረነዋል።

ለጎንደር ውኃ ይሰጣል የተባለውን የመገጭን ግድብ አንድ የፓርላማ አባል ብቻውን አይጨርሰውም፤ ይሄ አይጠፋኝም። ግን የፌዴራል በጀት የሚጸድቀው እዚያ ነው። ሚኒስትርም ተጠርቶ የሚጠየቀው እዚያው ነው። እጅ የሚወጣው ለድምፅ ብቻ ነው እንዴ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የመራጩን አመኔታ ያጣ ተመራጭ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ እንደሚወገድ ይናገራል። እኔ እንኳ እዚያ ድረስ አልሄድኩም። አንድ ከሰዓት ብቻ ቀበሌ አዳራሽ ቁጭ ብለው ስለ መገጭ ምን እንደጠየቁ፣ ምን እንደተመለሰላቸው ይንገሩን። ቡናው ከእኛ፤ ያን ቀን ውኃ ከመጣ።

አንድ መራጭ፣ ከአዘዞ