የእሁዱ ሸክላ፦ «አቲካ ብሉዝ»

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

እሁድ የምናዳምጠው የሳክስፎን ተጫዋቹን የአርቺ ሼፕን «አቲካ ብሉዝ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ ሸክላ። «ፍሪ ጃዝ (ከተለመደው ምትና ስልት የወጣ ጃዝ) ጆሮዬን ያደክመዋል» የምትሉ፣ አደራ እንዳትቀሩ። ሲጀምር የሚቀበላችሁ ወፍራም ቤዝ፣ ጊታርና ከቤተክርስቲያን መዘምራን መሃል የወጣ የሚመስል የሶል ድምፅ ነው። የሼፕ ሳክስፎን ግን አይለዝብም፤ ያጉረመርማል፣ ይጮኻል።

የሚጮኸውም በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1971 በኒውዮርክ ግዛት በአቲካ ወህኒ ቤት እስረኞች እንደ ሰው እንያዝ ብለው አመፁ። በአምስተኛው ቀን ፖሊስ ተኩሶ ገባ። በጠቅላላው 43 ሰው ሞተ፤ እስረኞችም ጠባቂዎችም። ሼፕ ስቱዲዮ የገባው ከአራት ወር በኋላ፣ ቁስሉ ሳይደርቅ ነው። እስረኞቹን ወክሎ በድርድሩ የነበረው ጠበቃ ዊልያም ከንስለርም በሸክላው ላይ ድምፁ ይሰማል።

«ስቲም» የተባለው ዘፈን ላይ ጆ ሊ ዊልሰን ሲዘፍን ልብ በሉልኝ። ዘፈኑ በልጅነቱ ስለተገደለ የሼፕ ዘመድ ነው። እኔ ሁሌም እዚህ ጋ ሆዴ ይባባል።

መጨረሻ ላይ የካል ማሲ ትንሽ ልጅ ዋሂዳ የአባቷን ዜማ ትዘፍናለች። ድምፅዋ ከቅኝቱ ትንሽ ይወጣል። ይሄን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ፤ አልስማማም። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ የሚያስፈልገው የሕፃን ድምፅ ነው፣ እንዳለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጀምራለን። የመጀመሪያውን ገጽ ሳናወራ እንስማው፤ ስልካችሁን ዝም አሰኙት።